ሳይለኩ የተገባ ቃል፦ የኢብኑል ሀይሠም ሕይወትና የእኛ ፕሮጀክተር

ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣

ባለፈው ረመዳን ጠዳ ላይ ባዘጋጀነው የኢፍጣር ፕሮግራም የተገኛችሁ ሁሉ ግድግዳው ላይ የነበረችውን ጨረቃ አትረሷትም። ጨረቃ መሆኗን ስለነገርናችሁ እንጂ አይታችሁ ያወቃችሁ አይመስለኝም። ለጌጥ የገዛናት ትንሽ የብርሃን ፕሮጀክተር ከመድረኩ ጀርባ ሂላልና ከዋክብት እንድትጥልልን ነበር ሐሳባችን። ምስሉ ግን ከግድግዳው አልፎ ጣሪያውንና መስኮቶቹን ወረሰ። የጨረቃዋ ጫፍ የት እንደሚያልቅ፣ ከዋክብቱ የት እንደሚጀምሩ አይለይም ነበር። አንዳንዶቻችሁ አምፖሉ ደካማ ነው አላችሁ። እኔም አብሬያችሁ አምፖሉን ወቀስኩ።

ዛሬ እውነቱን ልናገር። አምፖሉ ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ የሌንሱ ምርጫ ነው፤ የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሻጩ ፕሮጀክተሩ ከግድግዳው ስንት ሜትር እንደሚርቅና ምስሉ ምን ያህል እንዲሰፋ እንደምንፈልግ ጠይቆኝ ነበር። አዳራሹን ሳልለካ ትልቅ ምስል የሚያወጣውን እንዲሰጠኝ ነገርኩት። የተከፈለበት ገንዘብ ከየኪሳችሁ የተዋጣ አማና ነበር።

ስሕተቴ የት ላይ እንደነበር ለመረዳት ስለ ሌንስና ስለ ብርሃን ማንበብ ስጀምር በየመጽሐፉ አንድ ስም ይመጣብኝ ጀመር፤ ኢብኑል ሀይሠም። ከሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ዓሊም ናቸው። የሕይወታቸውን ታሪክ ሳነብ ደግሞ ደነገጥኩ። ለካ እሳቸውም አንድ ጊዜ ሳይለኩ ቃል ገብተው ነበር! የእሳቸው ቃል ግን የጌጥ መብራት ጉዳይ አልነበረም። ስለ አባይ ወንዝ ነበር፤ ቃላቸው የደረሰውም ሰው የሚቀልዱበት አልነበረም።

ከበስራ ወደ ካይሮ

ሙሉ ስማቸው አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም ነው። የተወለዱት በ354 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ፣ በኢራቋ የበስራ ከተማ ነው። በዚያ ዘመን የግሪክ የሒሳብ፣ የሕክምናና የሥነ ፈለክ መጻሕፍት አብዛኞቹ ወደ ዐረብኛ ተመልሰው ነበር። ሙስሊም ሊቃውንትም ማንበብና ማብራራት ብቻ ሳይሆን ማረም ጀምረው ነበር። አል-ቢሩኒና ኢብን ሲና የእሳቸው ዘመነኞች ናቸው። ኢብኑል ሀይሠም ሒሳብን፣ ሥነ ፈለክንና ፍልስፍናን በሰፊው ተማሩ። በበስራም የመንግሥት ሥራ ላይ ተቀምጠው እንደነበር ይነገራል፤ ልባቸው ግን ከቢሮው ይልቅ ከመጽሐፉ ጋር ነበር።

ስማቸው ሲገን አንድ ንግግራቸው ከአገር አገር ዞረ። ግብጽ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ የአባይን ውኃ ሲሞላም ሲጎድልም ጥቅም እንዲሰጥ የሚያደርግ ሥራ ሊሠሩበት እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። ወንዙ ከደቡብ በኩል ከከፍታ ቦታ እንደሚወርድ ሰምተው፣ እዚያ ላይ ማገድ ይቻላል ብለው አስበዋል። ይህን ሲሉ አባይን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም።

ነገሩ ካይሮ ላለው የፋጢሚዮች ገዥ ለአል-ሓኪም ቢአምሪላህ ጆሮ ደረሰ። አል-ሓኪም ለዕውቀት የሚያወጣውን ገንዘብ የማይሰስት ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1005 ካይሮ ላይ ዳሩል ዒልም የተባለውን የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት የከፈተው እሱ ነው። በሌላ በኩል ግን ጠባዩ የማይጨበጥ፣ ዛሬ የሾመውን ነገ የሚያስገድል ገዥ ነበር። ለኢብኑል ሀይሠም ገንዘብ ልኮ ወደ ግብጽ እንዲመጡ ጋበዛቸው። ሲደርሱም ራሱ ከከተማ ወጥቶ እንደተቀበላቸው ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል።

አስዋን ላይ

ይህን ታሪክ ጠዳ ላይ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ወንዙ ሩቅ አይደለም። በእኛ በኩል የሚያልፈው የመገጭ ውኃ ጣና ይገባል፤ ከጣና አባይ ይወጣል፤ አባይ ካርቱም ላይ ከነጩ አባይ ጋር ተገናኝቶ ወደ አስዋን ይወርዳል። ግብጽን በየበጋው ያጥለቀልቅ የነበረው ሙላት የእኛ የክረምት ዝናብ ነው። ኢብኑል ሀይሠም ሊያስሩት የሄዱት ከእኛ ተራሮች የወረደውን ጎርፍ ነበር ማለት ነው።

ከሠራተኞችና ከግንበኞች ጋር ወንዙን ተከትለው ወደ ደቡብ ተጓዙ። በመንገዳቸው የጥንት ግብጻውያን የሠሯቸውን ሕንፃዎች ተመለከቱ። ልካቸው የተጠበቀ፣ ድንጋያቸው ሳይዛነፍ የቆመ ነበር። ያኔ ልባቸው መጠራጠር ጀመረ። እንዲህ ያለ ጥበብ የነበራቸው ሰዎች ወንዙን ማገድ ቢቻል ኖሮ ሳያግዱት ይቀሩ ነበር? አስዋን አካባቢ ካለው አል-ጀናዲል ከሚባለው የፏፏቴ ስፍራ ሲደርሱ ወንዙን ከግራም ከቀኝም መረመሩት። ቦታው በሩቁ እንዳሰቡት አልነበረም። በእጃቸው ባለው መሣሪያና ጉልበት እንደማይሠራ ገባቸው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከፊታቸው ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ሥራውን መጀመር፣ ዓመታት መፍጀት፣ የሕዝብ ገንዘብ ማፍሰስና መጨረሻ ላይ ሠራተኛውን ወይም ድንጋዩን መውቀስ ነው። ሁለተኛው ተመልሶ አልችልም ማለት ነው። እሳቸው ሁለተኛውን መረጡ። ካይሮ ተመልሰው በአፈርታ ስሕተታቸውን ለአል-ሓኪም ነገሩት። አስዋን ላይ ግድብ የቆመው ከዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1902 ነው፤ ትልቁ የአስዋን ግድብ የተጠናቀቀው ደግሞ በ1970። ያንን ያቆሙት በኢብኑል ሀይሠም ዘመን ያልነበሩ ማሽኖችና ሲሚንቶ ናቸው። ያኔ አልችልም ማለታቸው ትክክል ነበር ማለት ነው።

የእብደቱ ዓመታት

አል-ሓኪም ይቅርታቸውን የተቀበለ መሰለ፤ የመንግሥት ሥራም ሰጣቸው። እሳቸው ግን ፈሩ። ዛሬ የተቀበለው ይቅርታ ነገ ሊታጠፍ ይችላል። ሹመቱን አልፈልግም ማለትም ራሱ ያስገድላል። ስለዚህ ማንም ያላሰበውን ዘዴ ፈጠሩ፤ አበዱ። ማለትም ያበዱ መስለው ታዩ። በሸሪዓ እብድ ሰው በሥራው አይጠየቅም። ገዥው ንብረታቸውን ያዘ፣ በቤታቸውም ጠባቂ አቆመባቸው። እሳቸውም እስከ 1021 ድረስ፣ አል-ሓኪም አንድ ሌሊት ወጥቶ እስከቀረበት ጊዜ ድረስ፣ በዚያ ሁኔታ ቆዩ።

ይህን ታሪክ የጻፉልን አል-ቂፍጢና ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ ከእሳቸው ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የኖሩ ናቸው፤ አተራረካቸውም በአንዳንድ ቦታ ይለያያል። ብዙዎች ታላቁን የብርሃን መጽሐፋቸውን የጀመሩት በዚያ የተዘጋ ቤት ውስጥ ነው ይላሉ። የዘመኑን ሁሉ አዋቂ የሚባል ሰው የእብድ ልብስ ለብሶ፣ በተዘጋ በርና መስኮት ውስጥ በስንጥቅ የሚገባ ጨረርን ሲመለከት ማሰብ ልብ ይነካል። መጽሐፉ እዚያ ይጀመር አይጀመር፣ አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው። በዚያ መጽሐፋቸው ውስጥ የሚናገሩትን በሙከራ ይፈትናሉ።

ከአል-ሓኪም ሞት በኋላ እብደቱን ጣሉት። በአል-አዝሀር መስጊድ በር አቅራቢያ ባለች ክፍል ገብተው ኖሩ። መተዳደሪያቸው መጽሐፍ መገልበጥ ነበር። የዩክሊድን የጂኦሜትሪ መጽሐፍና የቶለሚን አልመጀስጢ በየዓመቱ በእጃቸው እየጻፉ ይሸጡና በዚያች ገንዘብ ዓመቱን ይዘልቁ ነበር። የገዥ ደመወዝ አልነበራቸውም፤ የማንም ውለታ አልነበረባቸውም። እስከ 430 ዓመተ ሂጅራ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1040 አካባቢ፣ ካይሮ ላይ ኖረው አረፉ። አላህ ይዘንላቸው። የጻፏቸው ሥራዎች ዝርዝር ከዘጠና ያልፋል።

ኪታቡል መናዚር

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ሰባት ክፍል ያለው ኪታቡል መናዚር ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ታላላቆቹ ዩክሊድና ቶለሚ የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ነገሩን ስለሚነካው ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ኢብኑል ሀይሠም ስማቸው ትልቅ ስለሆነ ብቻ አልተቀበሏቸውም። ፀሐይን ትኩር ብለን ስናይ ዓይናችን ለምን ይታመማል? ጨረሩ ከእኛ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ የሚያሳምመን ምንድን ነው? ስለዚህ ብርሃን ከውጭ ወደ ዓይን የሚገባ ነገር ነው አሉ። ብርሃን ካረፈበት ነገር ከእያንዳንዷ ነጥብ ወደ ሁሉም አቅጣጫ፣ በቀጥታ መስመር ይሄዳል።

ይህንን ያሳዩበት ሙከራ ዛሬ ዶርም ውስጥ ሊሠራ ይችላል። በጨለመ ክፍል በር ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይኑር። ከቀዳዳው ውጭ ብዙ ፋኖሶች በተለያየ ቦታ ይቀመጡ። በክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ላይ በፋኖሶቹ ቁጥር ልክ የብርሃን ነጥቦች ይታያሉ። አንዱን ፋኖስ ስትጋርዱት ከእሱ ትይዩ ያለችው አንዲት ነጥብ ብቻ ትጠፋለች፤ መጋረጃውን ስታነሱት ተመልሳ ትመጣለች። ሁሉም ብርሃን በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ቢያልፍም አንዱ ከሌላው ጋር አይደባለቅም። በግራ ያለው ፋኖስ በቀኝ፣ በላይ ያለው በታች ያርፋል። በቀን ክፍላችሁን አጨልማችሁ መጋረጃው ላይ አንዲት ቀዳዳ ብትተዉ፣ በመንገድ የሚያልፈውን ባጃጅ ጎማው ወደ ላይ ሆኖ ግድግዳችሁ ላይ ታዩታላችሁ።

ስለ ፀሐይ ግርዶሽ ምስል በጻፉት ሌላ መጽሐፍ ደግሞ የቀዳዳውን ስፋት መረመሩ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በተጋረደች ጊዜ ከዛፍ ሥር የነበራችሁ በቅጠሎቹ መካከል የሚያልፈው ብርሃን መሬት ላይ የጨረቃ ቅርጽ ሲሠራ አይታችሁ ይሆናል። ኢብኑል ሀይሠም ይህ የሚሆነው ቀዳዳው ጠባብ ሲሆን ብቻ እንደሆነ አስረዱ። ቀዳዳው ሲሰፋ ብርሃኑ ይበዛል፣ ቅርጹ ግን ይጠፋል። ሲጠብ ቅርጹ ይጠራል፣ ብርሃኑ ግን ያንሳል። ጥራትና ድምቀት በቀዳዳ ብቻ አንድ ላይ አይገኙም።

ሌንስ የሚፈታው ይህንን ነው። ሰፊ ቀዳዳ ላይ ሲቀመጥ ብዙ ብርሃን ያስገባል፣ ከአንድ ነጥብ የተነሳውንም ጨረር መልሶ በአንድ ነጥብ ይሰበስባል። በዐረብኛ ስሙ ዐደሳ ነው፤ ዐደስ ምስር ማለት ነው። መሐሉ ወፍሮ ጠርዙ ስለሚቀጥን እንደ ወጥ ምስራችን ይመስላል። ኢብኑል ሀይሠም ስለ ብርጭቆ ሉል በጻፉት ሥራ ከሉሉ ጠርዝ የሚያልፈው ጨረር ከመሐል ከሚያልፈው ጋር አንድ ቦታ ላይ እንደማይገናኝ ደርሰውበታል። ርካሽ ሌንስ ላይ ምስሉ የሚደበዝዝበት አንዱ ምክንያት እስከ ዛሬ ይኸው ነው።

መጽሐፋቸው ከካይሮ ወጥቶ ሄደ። በኢራን ከማሉዲን አል-ፋሪሲ እ.ኤ.አ. በ1300 አካባቢ ሰፊ ማብራሪያ ጽፈውበት፣ በእሱ ላይ ተመሥርተው የቀስተ ደመናን አፈጣጠር አስረዱ። ወደ ላቲን ተተርጉሞ በ1572 ባዝል ላይ ታተመ፤ ከፕለርም ከዚያ ተማረ። በ1659 ገደማ ሆላንዳዊው ሁይገንስ ሥዕልን በፋኖስና በሌንስ ግድግዳ ላይ የሚጥል መሣሪያ ሠራ። የእኛ የጌጥ ፕሮጀክተር የዚያ መሣሪያ የልጅ ልጅ ናት። የተባበሩት መንግሥታት 2015ን የብርሃን ዓመት ብሎ ሲያከብር ከታሰቡት ነገሮች አንዱ የኪታቡል መናዚር ሺህኛ ዓመት ነበር።

ወደ አዳራሻችን ስንመለስ

እንግዲህ ስሕተቴን ላስረዳ፣ ለቀጣዩ ኮሚቴም ይጥቀም። በፕሮጀክተሯ ውስጥ ከመብራቱ ፊት ሥዕሉ የተቀረጸበት ትንሽ ክብ አለ፤ ባለሙያዎቹ ጎቦ ይሉታል። ከእሱ ፊት ሌንሱ ይቀመጣል። የሌንሱ ዋና ቁጥር ፎካል ሌንግዝ፣ ማለትም የትኩረት ርቀቱ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ምስሉ ይሰፋል፤ በበዛ መጠን ይጠባል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የጎቦውን ሥዕል ስፋት በፕሮጀክተሩና በግድግዳው መካከል ባለው ርቀት አባዙት፤ ከዚያ ለምትፈልጉት የምስል ስፋት አካፍሉት። በኋላ በሜትር ስለካው፣ የእኛ ሥዕል 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ ርቀቱ 6 ሜትር፣ ከመድረኩ ጀርባ ያለው ግድግዳ 3 ሜትር ሆኖ ተገኘ። 2.5 ሲባዛ በ6፣ ሲካፈል ለ3፣ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የሚያስፈልገን ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበር። እኔ የገዛሁት ባለ 25 ነው። ስለዚህ ምስሉ 6 ሜትር ሰፋ። ስፋቱ በእጥፍ ሲጨምር ያው ብርሃን አራት እጥፍ ቦታ ላይ ስለሚበተን ድምቀቱ ወደ ሩብ ወረደ። አምፖሉን የወቀስነው ለዚህ ነው።

ሌሎችም ሁለት ነገሮች አሉ። ፕሮጀክተሯ ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ካልሆነች ክቡ ይንጋደዳል፤ ጣሪያ ላይ ወይም በሰያፍ የምትጥሉ ከሆነ ይህን አስቡበት። ሌንሱን የሚያሽከረክረው ቀለበት ደግሞ ለእያንዳንዱ ርቀት እንደገና መስተካከል አለበት፤ ፕሮግራሙ ሊጀመር ሲል ሳይሆን ከመግሪብ በፊት፣ አዳራሹ ጨልሞ ይሞከር።

ኢብኑል ሀይሠም አስዋን ድረስ ሄደው ያዩትን ነገር ሲመለሱ አልደበቁም፤ የሚጠብቃቸው ሰይፍ ሊሆን እንደሚችል እያወቁ። እኔን ይጠብቀኝ የነበረው የእናንተ ፈገግታና ምናልባት ጥቂት ቀልድ ነበር፤ ያንንም ፈርቼ አምፖሉን ወቀስኩ። አፉ በሉኝ። የሁለቱን ሌንሶች የዋጋ ልዩነት ከራሴ ሞልቼ ባለ 50ውን ገዝቻለሁ፤ ደረሰኙ ከሒሳብ ያዡ ወንድማችን ዘንድ ነው። ባለ 25ውም አይጣል፤ ፕሮጀክተሩ ከግድግዳው 3 ሜትር ብቻ ለሚርቅበት ትንሽ ክፍል ልኩ ነው።

ለዒድ ፕሮግራም አዲስ አዳራሽ ሊያዝ እንደታሰበ ሰምቻለሁ። ዕቃ ግዢ የተመደባችሁ እህቶችና ወንድሞች መጀመሪያ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ርቀቱንና የግድግዳውን ስፋት ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ ኢንሻአላህ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።